የፀጉር ንቅለ ተከላ፦ የትኛው ዘዴ ስንት ያስወጣል? ውጤቱስ? ከደሴና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ለሚሳሳ ፀጉር የሚቀባውን ሚኖክሲዲል ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ብቻ ይዞ አይሄድም። ወረፋው ቀለል ሲል ጠብቆ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ይቺን ስቀባ ከምኖር ቱርክ ሄጄ ባስተክለውስ?» ይለኛል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የቲክቶክ ቪዲዮ ያሳየኛል። «ዶክተር» ብላችሁ ብትጠሩኝም ሐኪም አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ያለው ሐኪም ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ብታውቁት የሚጠቅማችሁ ነው።

ኤፍ ዩ ቲ፣ ኤፍ ዩ ኢ፣ ዲ ኤች አይ የሚባሉት በምን ይለያያሉ?

ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ከኋላና ከጎን ካለው፣ በራነት ብዙም ከማይነካው ፀጉር ሥሩን ያወጡና ራሰ በራው ቦታ ላይ ይተክሉታል። አዲስ ፀጉር የሚፈጥር ዘዴ የለም። ያላችሁ ፀጉር ነው ቦታ የሚቀይረው። ከኋላ የመጣ ፀጉር ግንባር ላይ ተተክሎም የድሮ ጠባዩን ይዞ ማደጉን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሳየው ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም ነው። ዛሬም ሥራው ሁሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

በኤፍ ዩ ቲ ከኋላ ቀጭንና ረዘም ያለ የቆዳ ቁራጭ ይወጣል፣ ቦታው ይሰፋል። ቁራጩ በማይክሮስኮፕ እየታየ ወደ ትናንሽ ግራፍቶች ይከፋፈላል። አንድ ግራፍት ከ1 እስከ 4 ፀጉር ይይዛል።

በኤፍ ዩ ኢ ስፌት የለም። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ መብሻ ግራፍቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከዚያ ሐኪሙ በራው ቦታ ላይ ቀዳዳ ይከፍትና ይተከላሉ።

ዲ ኤች አይ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አወጣጡ ያው ኤፍ ዩ ኢ ነው። የሚለየው አተካከሉ ነው፤ እስክሪብቶ በሚመስል መሣሪያ መብሳቱና መትከሉ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ ክሊኒክ «እኛ ኤፍ ዩ ኢ አንሠራም፣ ዲ ኤች አይ ነው» ካላችሁ የሚነግራችሁ ግማሹን ብቻ ነው።

ሳፋየር የሚሉትስ?

ቀዳዳውን የሚከፍተው ምላጭ ከብረት ሳይሆን ከሳፋየር የተሠራ ነው ማለት ነው። የተቀረው ኤፍ ዩ ኢ ነው። ለምላጩ ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ።

ዋጋቸው እንዴት ነው?

በዶላር ነው የምነግራችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። በዕለቱ የባንክ ዋጋ አባዙት።

ቱርክ ውስጥ ሆቴልና ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበልን የጨመረ ጥቅል በግምት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ይጠየቃል። ሕንድ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል። አሜሪካ ከ5,000 ጀምሮ 15,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባም እንሠራለን የሚሉ ክሊኒኮች አሉ። እዚያ ስትጠይቁ ዋጋው በግራፍት ይሁን በአንድ ጊዜ ሥራ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ሁሉንም በሚሠራ ክሊኒክ ውስጥ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ ዩ ቲ ነው። ኤፍ ዩ ኢ ይከተላል። ዲ ኤች አይ ይወደዳል፣ ምክንያቱም ጊዜ ይፈጃል፣ የሰው እጅም ይበላል።

ከወሎ ለሚነሳ ሰው ግን የክሊኒኩ ሂሳብ የወጪው ሁሉ አይደለም። ቱርክ ቪዛ አለ፣ የአየር ቲኬት አለ። አዲስ አበባም ቢሆን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው ማደር ይሻላልና የአልጋ ኪራይ አስቡ። የሥራ ቀን ይቃጠላል። በኋላም የወራት መድኃኒት አለ። ምሳሌ ልስጥ፦ ምንዛሪው 150 ብር ቢሆን 3,000 ዶላር 450,000 ብር ነው። ቲኬቱና ቪዛው ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ርካሹን ብመርጥ ምን ችግር አለው?

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የቱርክ ዋጋ የቀነሰው አንድም ኪራይና ደመወዝ ከአሜሪካ ስለሚያንስ፣ አንድም ክሊኒኮቹ ብዙ ስለሆኑና ስለሚፎካከሩ ነው። ጥሩ ሐኪሞችም አሉበት። ጣጣው በቀን ብዙ ሰው የሚያስተናግዱት ቤቶች ላይ ነው። እዚያ ሐኪሙ ብቅ ብሎ ግንባራችሁ ላይ መስመር ያሰምራል፣ የተቀረውን ረዳቶች ይሠሩታል። ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ስለሚሠሩት ሥራ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሳ ነው።

ቆም ብላችሁ ይህን ስሌት ሥሩልኝ። ሁለት ክሊኒኮች ሁለቱም 2,500 ዶላር ጠየቁ እንበል። አንዱ 2,500 ግራፍት ተከለ፣ ከመቶው 90 ያዘ፤ 2,250 በቀለ ማለት ነው። ሌላው 4,000 እተክላለሁ ብሎ ተከለ፣ በጥድፊያ ግማሹ ሞተ፤ 2,000 በቀለ። ማስታወቂያው ላይ ሁለተኛው ያዋጣል፤ አንዱ ግራፍት ወደ 60 ሳንቲም ዶላር ወርዷልና። ራሳችሁ ላይ ግን ያነሰ ፀጉር አለ። ይባስ ብሎ 2,000 ግራፍት ከማጅራታችሁ በላይ ወጥቶ ጠፍቷል። ያ ዳግም አይበቅልም። ብር በሌላ ዕቁብ ይመለሳል፣ የፀጉር ሥር ግን ከወጣ ወጣ ነው።

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊወሰድለት የሚችለው ብዙ ጊዜ ወደ 5,000 ወይም 6,000 ግራፍት ገደማ ነው። ፀጉሩ ሳሳ ላለ ሰው ያንሳል። «በአንድ ቀን 5,000» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የዕድሜ ልክ ቀለባችሁን በአንድ ቁጭታ ሊጨርሱት ነው ማለት ነው።

የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ለውጥ ያመጣል?

አዎ። ይህን ጥያቄ ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ማስታወቂያ የሚያሳየው ሉጫ ፀጉር ነውና።

ባቲ ሰኞ ገበያ አንድ ዙር ብትዞሩ ከለስላሳ እስከ ጥብቅ ጥቅልል፣ ከአፋር ጎፈሬ እስከ ዘርዘር ያለ ፀጉር ሁሉንም ታያላችሁ። «የሐበሻ ፀጉር» ብሎ አንድ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ከላይ የተጠቀለለ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከቆዳ ሥርም ይታጠፋል። የኤፍ ዩ ኢ መብሻ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው። ሐኪሙ መታጠፊያውን ካላወቀው ሥሩን ከመሃል ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ተተክሎም ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ በጥቅልል ፀጉር የሠለጠነ ሐኪም ሰፋ ያለ ወይም ለዚሁ የተሠራ መብሻ ይጠቀማል፣ ቀስ ብሎም ይሠራል። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ሊል ይችላል።

ኤፍ ዩ ቲ እዚህ ላይ ጥቅም አለው። ግራፍቱ የሚለየው በማይክሮስኮፕ እየታየ ስለሆነ መታጠፊያው በዓይን ይታያል። «ያረጀ ዘዴ ነው» እየተባለ ሲጣጣል ስሰማ አልስማማም። ለጥብቅ ጥቅልል ፀጉር አሁንም ቁም ነገር ነው።

ደስ የሚለውም አለ። ጥቅልል ፀጉር ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ጥቁር ፀጉር በጠይም ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍተቱ ጎልቶ አይታይም። ሉጫ ፀጉር ያለው ሰው በብዙ ግራፍት የሚያገኘውን መልክ እናንተ ባነሰ ልታገኙት ትችላላችሁ። የአውሮፓዊ ሰው ቁጥር ይዞ «ለእናንተም ይህን ያህል» የሚል ክሊኒክ ፀጉራችሁን አላየውም።

ከተጠራጠራችሁ ጥቂት ግራፍት ብቻ አውጥቶ እንዲሞክር ጠይቁ። ስንቱ ሳይቆረጥ እንደወጣ ወዲያው ይታያል። ይህን ጥያቄ የማይወድ ክሊኒክ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ተነስቼ እወጣለሁ።

ጠባሳ የሚተወው የትኛው ነው?

ሁሉም ይተዋል። «ያለ ምንም ጠባሳ» የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። ኤፍ ዩ ቲ ከኋላ አንድ ረጅም መስመር ይተዋል፤ ፀጉሩን አጭር የሚቆረጥ ሰው ላይ ይታያል። ኤፍ ዩ ኢና ዲ ኤች አይ ትናንሽ ነጠብጣቦችን ይበትናሉ። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ኋላው ብል የበላው ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ከሌላው ይልቅ ይበዛል። ጆሮ ስትበሱ፣ ስትከተቡ ወይም ስትቆስሉ ቦታው እያበጠና እየሰፋ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም እናት አባት ላይ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ። ፀጉር ቤት ከተላጫችሁ በኋላ ማጅራታችሁ ላይ ጠጠር የሚመስል እብጠት የሚወጣባችሁም እንዲሁ።

ሮቦት ይሻላል?

ግራፍት የሚያወጣው አርታስ የሚባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የተፈቀደው ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ቀጥ ያለ ፀጉር ላላቸው ወንዶች ነበር። ቀጥ ያለ። መልሱ ይኸው ነው።

ውጤቱ መቼ ይታያል? የወንድሜ ልጅ ተተክሎ በወሩ ረገፈ!

አብሽሩ፣ ያ ወጉ ነው። የተተከለው ፀጉር ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በብዛት ይረግፋል። ሥሩ ግን ውስጥ አለ። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ ቀጭን ሆኖ ብቅ ይላል። በ6ኛው ወር ሰው ለውጡን አይቶ መጠየቅ ይጀምራል። ሙሉ ውጤቱ ዓመት ይፈልጋል፤ አናት ላይ የተተከለ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ይህ በሦስቱም ዘዴ ተመሳሳይ ነው። «ዲ ኤች አይ ቶሎ ያበቅላል» የሚላችሁን አትመኑ።

ለሠርግ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ካንድ ዓመት በፊት ተነሱ። ከሠርጉ ሁለት ወር በፊት የተሠራ ሰው ሙሽራ የሚሆነው ረግፎበት ሳለ ነው።

ወደፊት ያለኝ ፀጉርስ ይቀጥላል?

የተተከለው ይቆያል፣ በዙሪያው ያለው የራሳችሁ ፀጉር ግን መሳሳቱን አያቆምም። በ23 ዓመቱ ግንባሩን አስተክሎ በ35 ዓመቱ መሃሉ የተራቆተ ሰው ደሴት የመሰለ ፀጉር ይቀርለታል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም ወጣቱን «ቆይ» የሚለውና መድኃኒት የሚያስጀምረው።

መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም?

ገና መሳሳት ለጀመረ ሰው ሊበቃ ይችላል። 5 በመቶ ሚኖክሲዲል ይቀባል፤ ለውጡ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያረግፋል፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ካቆማችሁ ያገኛችሁት ፀጉር መልሶ ይረግፋል። ፊናስቴራይድ 1 ሚሊ ግራም በቀን አንድ የሚዋጥ ሲሆን ለወንዶች ነው። በጥቂቶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሐኪም ሳያናግሩ አይጀመርም። እርጉዝ ሴት የተሰበረ ክኒን እንኳ መንካት የለባትም።

አንጸባርቆ የሚታይ፣ ዓመታት ያስቆጠረ በራ ላይ ግን ቅባት ተአምር አይሠራም። ይህን ስል ገበያዬን እያባረርኩ ነው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

እህቴ ከፊት በኩል ተመልጣለች፤ ሹሩባ ነው ይባላል። ይተከልላታል?

አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባና የተቀጠለ ፀጉር ለዓመታት ሲጎትት የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር ይነቀላል። ቶሎ ከተደረሰበት ማላላቱ ብቻ ይመልሰዋል። ቆዳው ለስልሶ፣ ቀዳዳው ጠፍቶ ከሆነ ንቅለ ተከላ ጥሩ ይሠራል። ግን ጉንጉኑን ካልተወች የተተከለውም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

መሃል አናቷ ላይ እያቃጠለ ወይም እያሳከከ የሚሰፋ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሥሩን የሚገድል እብጠት ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይጠፋ መትከል ብር መበተን ነው። ክብ ክብ ሆኖ ድንገት የሚረግፈው ላሽም በንቅለ ተከላ አይታከምም። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይ። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው፣ ከደሴም ቅርብ ነው። ለክሊኒክ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ የምታወጡት ካርድ ከሁሉ ርካሹ ወጪ ነው።

የወንድሜን ፀጉር ወስደው ሊተክሉልኝ ይችላሉ?

አይችሉም። ሰውነታችሁ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጥለዋል። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ካልሆናችሁ በቀር።

ሶላትና ስግደትስ? ውዱእ ማድረግ እችላለሁ?

ወሎ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ የለም፣ የክሊኒኮቹ ወረቀት ላይ ግን አይገኝም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አደገኛው ነገር ማጎንበስና መነካካት ነው። ግራፍቱ ገና አልያዘም። ጎንበስ ሲሉ ደም ወደ ጭንቅላት ይወርዳል፣ እብጠቱ ወደ ግንባርና ዓይን ይመጣል። ሱጁድ ላይ ግንባር መሬት ይነካል፤ የግንባር መስመር የተሠራለት ሰው ደግሞ ቁስሉ እዚያው አጠገብ ነው። ለታመመ ሰው ተቀምጦ በምልክት መስገድ፣ ውኃ ለሚጎዳውም ተየሙም እንዳለ ታውቃላችሁ። ዝርዝሩን ሸኻችሁን ጠይቁ፣ ቀኑን ደግሞ ሐኪሙን።

ለክርስቲያኑም እንዲሁ። ከሕማማት በፊት ባለው ሳምንት ተተክሎ ስግደት አይታሰብም። ጠበልም በኃይል አናት ላይ የሚወርድ ከሆነ ቁስሉ እስኪድን ይቆይ። ረመዳን ላይ ከተሠራችሁ ደግሞ ሰዓት ጠብቆ የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስያን ሊታዘዝላችሁ ይችላል። እንግዲህ ቀጠሮ ስትይዙ የጾም ወቅቱን አይታችሁ ያዙ።

ራስ ላይ ቅቤ ማድረግ ለጊዜው ይቅር።

ጫትና ሲጋራስ?

ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል፣ አዲስ የተተከለ ሥር ደግሞ የሚኖረው በደም ነው። ጫት የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። በሥራው ዕለት ብዙ መድማት ማለት ነው፤ ማደንዘዣው ውስጥ ካለው አድሬናሊን ጋርም አይስማማም። በርጫ ላይ ቆይታችሁ በማግሥቱ አልጋው ላይ አትውጡ። ስትጠየቁም አትደብቁ፤ ሐኪሙ ሊያወግዛችሁ አይደለም የሚጠይቀው። አስፕሪን፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ሳትናገሩ አትተኙ።

ተሠርቼ በዚያው ቀን ወደ ደሴ ብመለስስ?

አይሆንም። ሌሊት ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ የሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላታችሁ መስኮት ላይ ሲንጋጋ አስቡት። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ መውረድ ይሻላል፣ ግን እሱም ቢሆን የመጀመሪያው እጥበትና ምርመራ ካለቀ በኋላ ይሁን። ቅርፊቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ይረግፋል። ኤፍ ዩ ቲ ከሆነ ስፌቱ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ስፌቱን ደሴ የሚያወጣላችሁ ባለሙያ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

መግል፣ ትኩሳት ወይም እየጠቆረ የሚሄድ ቆዳ ካያችሁ በቴሌግራም ፎቶ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሂዱ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ላይ የምትሠሩ ሄልሜት መቼ መድፋት እንደምትችሉ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይጠይቃል፣ ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ።

ክሊኒኩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ግራፍቱን የሚያወጣው ማነው? ቀዳዳውን የሚከፍተውስ? ሐኪሙ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይሠራል? እንደ እኔ ያለ ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ከዓመት በኋላ የተነሱትን ፎቶ አሳዩኝ፤ ከሥራው በፊት በተነሱበት ብርሃንና ርቀት የተነሳ፣ ከኋላም ጭምር። የወጡት ግራፍቶች ከአካል ውጭ ስንት ሰዓት ይቆያሉ? (ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል።) ካልያዘ ምን ታደርጋላችሁ? «ዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚል ወረቀት ከሰጧችሁ ውስጡን አንብቡ። አብዛኛው ሌላ ግራፍት በነፃ እንተክላለን ነው የሚለው። ቲኬቱን አይከፍልም፣ ከኋላ የሚወሰደውን ሥርም አይተካም።

ያለኝ ብር ለግማሹ ብቻ ነው የሚበቃው። ልበደር?

አትበደሩ። ግንባሩን ብቻ አሠሩ፣ ፊትን የሚለውጠው እሱ ነው። አናት ብዙ ግራፍት ይበላል፣ ዝግ ብሎ ይበቅላል፣ የሚታየውም ከኋላ ለቆመ ሰው ነው። እሱን በሚኖክሲዲል ያዙት። ጥሩ ሐኪም ካገኛችሁ በ1,500 ግራፍት የተሠራ ልከኛ የግንባር መስመር፣ በጥድፊያ ከተተከለ 4,000 ይሻላል። ሁለተኛውን ዙር ቢያንስ ከዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው ምን ያህል እንደያዘ አይታችሁ ትወስናላችሁ።